አሥራ ስምንት ፓውንድ

ውሸት በአፍ ብቻ የሚነገር ነገር ይመስለኝ ነበር። በብሎንም እንደሚዋሽ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በፊት በመስከረም ነው። የላይኛውን ስድስት ዙር፣ የታችኛውንም ስድስት ዙር ማላላት፣ በቃ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የምታነቡ ሰዎች አብዛኞቻችሁ ቀስት ጨብጣችሁ እንደማታውቁ እገምታለሁ። ግድ የለም፣ ስለ ቀስት የሚያስፈልጋችሁን ያህል እኔ እነግራችኋለሁ። የቀረውን፣ ማለትም ለሚወዱት ሰው ተብሎ የሚዋሸውን ውሸት፣ ከእኔ ባልተናነሰ የምታውቁት ይመስለኛል።

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ሥራዬ ደግሞ ፎርት ዎርዝ፣ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት መንዳት። ቀስት ያስተማረኝ እዚያው አብሮኝ የሚሠራ ዴል የሚባል የቴክሳስ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ ጠፋብኝ። ሰው ልጁን ክርስትና ሲያነሳ እኔ ስለ ፍላጻ ፍጥነት አወራለሁ። ጓደኞቼ ሲደክማቸው "ፍላጻው መጣ" እያሉ ይሸሹኝ ጀመር። አልተቀየምኩም፣ ምክንያቱም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው የተሻለ የማውቀው ነገር አግኝቼ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሰው አደገኛ ነው።

ስለ ቀስቱ ልንገራችሁ። የእኛ ዓይነቱ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ነው። ገመዱን ለመሳብ የሚፈልገው ጉልበት በፓውንድ ይለካል። ሰባ ፓውንድ ጠንካራ ጎልማሳ የሚስበው ነው፣ ሃምሳ ለጀማሪ ወይም ጉልበቱ ለቀነሰ ሰው ይሆናል። ጉልበቱ የሚስተካከለው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ብሎኖች ነው። ሲጠብቁ ይከብዳል፣ ሲላሉ ይቀላል። ከዚያ ፍላጻው አለ። ቀላል ፍላጻ ይፈጥናል። ከባዱ ይዘገያል፣ ግን ሥጋና አጥንት ሲያገኝ እሱ ነው ጠልቆ የሚገባው። ስለዚህ ቀስቱ ደካማ በሆነ ቁጥር ፍላጻው መክበድ አለበት። ዴል ይህን መቶ ጊዜ ነግሮኛል።

ጋሽ ታምሩ መርካቶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጎሚስታ የነበሩ ሰው ናቸው። ዳላስ አጠገብ ካሮልተን የሚኖሩት ከልጃቸው ከማህሌት ጋር ነበር። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ስምንት ወር ሶፋቸው ላይ ተኝቻለሁ። መኪና መንዳት ያስተማሩኝ፣ የመጀመሪያ ሥራዬን ያስገኙልኝ እሳቸው ናቸው። በደህናው ጊዜያቸው ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚያመላልስ አውቶብስ ይነዱ ነበር። ጎሚስታነታቸው ግን ከደማቸው አልወጣም። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠው ድምፁን ብቻ ሰምተው "የኋላ ግራው ጎማ አየር አራት ጎድሎታል" ይላሉ፣ ስለካው አራት ጎድሎታል። ብሎን በዓይናቸው አይተው ስንት ዙር እንደላላ ይናገራሉ። "መርካቶ ውስጥ ሠላሳ ሙላልኝ ላለኝ ሰው ሃያ ዘጠኝ ሞልቼ አላውቅም" የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሲደጋግሙት ያሰለቸን ነበር።

ሐምሌ ላይ ማህሌት ሥራ ቦታ ሆኜ ኮል አደረገችልኝ። እሷ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፣ በቀላሉ የምትረበሽ ልጅ አይደለችም። ያን ቀን ግን ሰላም እንኳን ሳትለኝ ጀመረች።

"ዮኒ፣ የአባዬ ሪዛልት መጣ። ጉበቱ ላይ ነው። ስፕሬድ አድርጓል።"

"ምን ማለት ነው?"

"ማለቴ... ስድስት ወር። ሰባት። ኬሞ ብዙም አይረዳውም አሉ።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"አያውቅም። ጨጓራ ነው አልኩት። ኢንተርፕሬተር እናምጣ ሲሉ እኔ አለሁ አልኳቸው። ሶ፣ አንተም እንዳትነግረው። ካወቀ በሳምንት ነው የሚሞትብኝ። ማልልኝ።"

እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩ። ትክክል መስሎኝ ነበር። እኛ ቤት አያቴም፣ አጎቴም ምን እንደያዛቸው ሳያውቁ ነው የሞቱት፣ ሌላ ዓይነት አሟሟት መኖሩን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ታምሩ ወተት ይጠጣሉ፣ አልጫ ይበላሉ። በርበሬ ተከለከሉ። ክትፎ ያለ ሚጥሚጣ ቀርቦላቸው አንድ ጊዜ ሰሃኑን ትኩር ብለው ሲያዩት አይቻለሁ። ሥራ አቁመው ቤት ስለዋሉ ይሰለቻሉ፣ ስለዚህ እኔ በእረፍቴ ቀን ቀስት መለማመጃ ሜዳ ይዣቸው መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። መስከረም ላይ አንድ ቀን ድንገት ተነሡና "አምጣው እስቲ" አሉኝ።

አሮጌ ቀስቴን አመጣሁላቸው። ሰባ ላይ ነበር። እኚህ ሰው የከባድ መኪና ጎማ ብቻቸውን የሚያነሱ ሰው ነበሩ። ገመዱን ያዙት፣ ሳቡት፣ እስከ ግማሽ መጣና ቆመ። ፊታቸው ቀላ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። ቀስ ብለው መለሱት።

"ዛሬ ትከሻዬን ይዞኛል" አሉ።

እዚህ ላይ ዴል ቢሆን "ይከብድዎታል፣ እናቅልለው" ይል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን የሀገሬ ልጅ ነኝ፣ ታላቅ ሰው ፊት ጉልበትዎ አልቋል አልልም። ያውም የሚያልቅበትን ምክንያት እያወቅሁ።

"ገመዱ አዲስ ስለሆነ ነው ጋሼ፣ ገና አልተላመደም። ቆይ አንድ ነገር ላስተካክል" አልኩና ወደ መኪናዬ ወሰድኩት። የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ስድስት ስድስት ዙር ፈታሁ። ሚዛን ላይ ሰቀልኩት፣ ሃምሳ ሁለት። ከዚያ ነጭ ፕላስተር ቆርጬ ቀስቱ ላይ ለጠፍኩና በማርከር 70 ብዬ ጻፍኩበት። ማንም ጻፍ አላለኝም። ይህቺን ነገር እስከ ዛሬ ለራሴ ላስረዳት አልቻልኩም።

ተመልሼ ሰጠኋቸው። ሳቡት። ሙሉ በሙሉ መጣ። ዘወር ብለው አዩኝ፣ ዓይናቸው በራ።

"ስንት ነው?"

"ሰባ ነው ጋሼ። ያው ነው።"

"ሰባ!" አሉ። "በስድሳ አራት ዓመቴ፣ በጨጓራ በሽተኛነቴ!" በዚያ ሳምንት ካሮልተን ውስጥ ስለ ሰባ ፓውንድ ያልሰማ ሐበሻ አልነበረም። ማህሌት ኮል አድርጋ "ዮኒ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳይስቅ ስንት ጊዜው" ብላ አለቀሰችልኝ። እኔም ጥሩ ሰው ነኝ ብዬ አመንኩ።

ውሸቱ ግን እንክብካቤ ይፈልግ ጀመር። ሜዳው ላይ የፍላጻ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አለኝ። በእኔ ቀስት በሰከንድ ሁለት መቶ ሰማንያ ጫማ ሲል፣ በእሳቸው ሁለት መቶ ሠላሳ ብሎ ቁጭ አለ። "ሁለታችንም ሰባ ከሳብን ምነው የኔ ጎደለ?" ብለው ጠየቁኝ። የክንድ ርዝመት ነው አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ እንዲልላቸው ቀለል ያሉ ፍላጻዎች ገጣጠምኩ፣ ጫፋቸው ላይ ሲመታ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋ ስለት ያለባቸው። ሁለት መቶ ስድሳ አለ። ደስ አላቸው። ለሃምሳ ሁለት ፓውንድ ቀስት ከባድ ፍላጻና የማይታጠፍ ስለት እንደሚያስፈልግ ከማንም በላይ የማውቅ እኔ፣ ቁጥር ለማሳመር ተቃራኒውን ሠራሁ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ስንጫወት "በሰባ ፓውንድማ ትከሻ አጥንትም ይበሳል" አልኳቸው። ጉራ ነበር። በእኔ ቀስት፣ በእኔ ከባድ ፍላጻ እውነት ነበር። በእሳቸው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ከጋሽ ታምሩ ጋር አጋዘን ለማደን ከፎርት ዎርዝ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ የዴል ቤተሰቦች መሬት ሄድን። አርብ ከሰዓት ደረስን፣ እዚያው ባለች ተጎታች ቤት አደርን። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በቅጠል በተሸፈነች ትንሽ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ጋሽ ታምሩ ኪሳቸው ሙሉ ቆሎ ይዘው መጥተው ነበር። "ድምፁ አጋዘን ያባርራል" ብዬ ስከለክላቸው አንዳንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ እየከተቱ እንደ ከረሜላ መምጠጥ ያዙ።

"ይሄ ጨጓራ ይሻለኝና" አሉ በሹክሹክታ፣ "ከዚህ የምንወስደውን ሥጋ ሚጥሚጣ ነስንሼ ነው የምበላው። ማሂ ብትጮህም ትጩህ።"

"እሺ ጋሼ።"

"ከዚያ ጥር ላይ ሥራ እመለሳለሁ።"

"ይመለሳሉ እንጂ" አልኩ። የድንኳኑን መስኮት እያየሁ ነበር ያልኩት።

ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ከቆየች በኋላ መጣ። ወንድ አጋዘን፣ ቀንዱ ስምንት ቅርንጫፍ ያለው፣ አንገቱ የወፈረ። ከቁጥቋጦው ወጥቶ ቆመ፣ ሄደ፣ ቆመ። ሃያ አምስት ያርድ ላይ ሲደርስ ፊቱንና ደረቱን ወደ እኛ አዙሮ ሣር ማሽተት ጀመረ። ጎኑን ቢሰጠን የልብና የሳንባው ቦታ ክፍት ነው፣ ስስ የጎድን አጥንት ብቻ ነው የሚከለክለው። እንደዚያ ወደ እኛ ዞሮ ሲቆም ግን ከፊት ያለው የትከሻ አጥንት ነው። አዳኝ የሆነ ሰው ይጠብቃል። እስኪዞር ድረስ ይጠብቃል።

ጋሽ ታምሩ ቀስቱን አነሡ። ከንፈራቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ።

"ትከሻውን ይበሳል ብለኸኝ የለ?"

አሁን የምነግራችሁ ነገር ግማሽ ሰከንድ የፈጀ ነው። እኔ "አይ፣ ይቆዩ" ልል ነበር። እውነቴን ነው። ወይም እውነቴን ይመስለኛል። ለመናገር አየር ያስፈልጋልና ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብኩ። እናንተም የምታውቋት ናት፣ አፋችንን ሳንከፍት፣ ትንፋሽ ሳብ አድርገን አዎ የምንላት እሺታ። ፈረንጅ ሲሰማት ደነገጡ ወይም ታነቁ ይላል። ዴል አጠገቤ ቢሆን ኖሮ "ምን ሆንክ?" ብሎ ይዞር ነበር። ጋሽ ታምሩ ግን ሐበሻ ናቸው። አዎ አለኝ ብለው ሳቡት።

"አይ" የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበረች። ቀስት የሳበ ሰው ጆሮ ላይ መጮህ ደግሞ አይቻልም። ለቀቁት።

ድምፁ "ቋ" አለ፣ ምሳር ደረቅ ግንድ ሲመታ እንደሚለው። ሳንባ የገባ ፍላጻ እንደዚያ አይልም። አጋዘኑ ዘለለና ሮጠ፣ ፍላጻው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አየሁት። ብዙ አልገባም።

"መታሁት! ዮኒዬ፣ መታሁት አይደል?" ቀስቱን ሳሙት። ከዚያ ጭንቅላቴን ይዘው እኔን ሳሙኝ። ቆሎ ቆሎ ይሸቱ ነበር።

"መተውታል ጋሼ" አልኩ።

ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ወጣን። ፍላጻውን ያገኘነው ከስልሳ እርምጃ በኋላ መሬት ላይ ወድቆ ነው። ስለቱ ተጣሟል። ደሙ ከጫፉ እስከ ሦስት ጣት ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ንጹሕ። ጋሽ ታምሩ ተቀብለው በጣታቸው ለኩት። ሚስማር ከጎማ እየነቀሉ ምን ያህል እንደገባ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ሦስት ጣት" አሉ።

"አጥንቱን አግኝቶት ይሆናል።"

"ሰባ ፓውንድ፣ ሦስት ጣት" አሉ ደግመው፣ ለራሳቸው ይመስላል። ሌላ አላሉም።

ደሙን ተከተልን። መጀመሪያ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነበር፣ ከዚያ ሳንቲም፣ ከዚያ በየሃያ እርምጃው አንድ ጠብታ። ፀሐይዋ ከረረች። እሾሃሙ ቁጥቋጦ ልብሳችንን ይይዘናል። ጋሽ ታምሩ በየመቶ እርምጃው መቆም ጀመሩ፣ ከዚያ በየሃምሳው። ጎናቸውን ይዘው "ይሄ ጨጓራ" ይላሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አንድ ድንጋይ ላይ በግድ አስቀመጥኳቸውና ብቻዬን ወደ ፊት ሄድኩ። ቀስቱን እሳቸው ጋ ተውኩት። ደሙ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ጠፋብኝ። ስመለስ ቀስቱን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር የብሎኑን ጥርስ እየቆጠሩ አገኘኋቸው።

"ዮናስ" አሉኝ። ዮኒዬ አላሉኝም።

"አቤት ጋሼ።"

"ይሄ ብሎን ስንት ዙር ነው የላላው?"

ቀስቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፣ አልሰጡኝም።

"እኔ ልንገርህ። ስድስት። የላይኛውም ስድስት፣ የታችኛውም ስድስት። ንዝረት ያላላው ብሎን ላይና ታች እኩል አይላላም። ይሄን ሰው ነው የፈታው።" ፕላስተሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። "ይሄስ ቁጥር የማን ጽሕፈት ነው?"

"የኔ ነው።"

"ስንት ነው አሁን?"

"ሃምሳ ሁለት።"

"አሥራ ስምንት ጎድሏል" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ድምፅ ነበር።

"እንዳይከፋዎት ብዬ ነው ጋሽ ታምሩ። ያን ቀን ትከሻዎን ሲይዝዎት አይቼ..."

"ምን ይከፋኛል? ሃምሳ ሁለት ነው የምትችለው ብትለኝ ሃምሳ ሁለት እስብ ነበር። ለሃምሳ ሁለት የሚሆነውን ፍላጻ ትሰጠኝ ነበር። እኔም ሃምሳ ሁለት መሆኔን ካወቅሁ ያንን እንስሳ ትከሻውን አልመታውም፣ እስኪዞር እጠብቀዋለሁ። ልክህን ካላወቅህ በምን ታስባለህ?"

ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ቆሜያለሁ። ጋሽ ታምሩ ቀና አሉ።

"ሌላስ?" አሉኝ። "ሌላ ምን ቀንሳችሁብኛል?"

ቀንሰህብኛል አላሉም። ቀንሳችሁብኛል ነው ያሉት።

እዚህ ላይ ነው ያ የተረገመ ትንፋሼ ደግሞ የከዳኝ። "ኸረ ምንም የለም" ልል አየር ሳብኩ፣ ወደ ውስጥ፣ አጭር፣ የምትሰማ። ራሴም ሰማኋት። ከዚያ ተንተባተብኩ። "የለም! ምን ይኖራል ጋሼ? እናቴ ትሙት፣ ምንም የለም!"

ቀስቱን ከጭናቸው አነሡ።

"ጠዋት ያመንኩት ትንፋሽህን ነው" አሉ። "አሁንም እሱኑ አምናለሁ።"

ተነሡና መሄድ ጀመሩ። ድጋፍ ልሰጥ ክንዳቸውን ስይዝ ቀስ ብለው አስለቀቁኝ። ደረቁን ወንዝ ተሻግረን ጉብታው ላይ ስንወጣ የመሬቱ አጥር ታየን። አጋዘኑ ከአጥሩ ማዶ ነበር። የፊት ግራ እግሩን ሰብስቦ፣ በሦስት እግሩ ቆሞ፣ ቅጠል እየቀነጠበ ይበላል። ከአጥሩ ማዶ ያለው የሌላ ሰው መሬት ነው፣ ሳይፈቀድልን መግባት አንችልም። ዴልን ኮል አደረግሁት፣ ዴል ጎረቤቱን ኮል አደረገ፣ ጎረቤቱ አያነሳም። ቆመን አየነው።

"ይበላል እኮ" አሉ ጋሽ ታምሩ። "አየኸው? አልነገሩትም።"

እየሸሸ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ከሰዓት ፈቃድ አግኝተን ገብተን ብንፈልገው አላገኘነውም።

ወደ ዳላስ ስንመለስ ቀስቱን ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር። ፎርት ዎርዝ ስንገባ፣ መንገዱን እያዩ፣ "የኋላ ቀኝ ጎማህ ሃያ ስድስት ነው፣ ሠላሳ ሁለት መሆን አለበት" አሉኝ። ማደያ ገብቼ ለካሁት። ሃያ ስድስት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማህሌት ሆስፒታል እንድትወስዳቸው አደረጉና፣ "አንቺ ውጪ ጠብቂ" ብለው ብቻቸውን ገቡ። አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይቅረብልኝ አሉ። አንድም ቀን አይቷቸው የማያውቅ፣ እንዳይከፋቸው የማይጨነቅ ሰው፣ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ነገራቸው። ማታ ማህሌት ደወለች።

"ነገርከው!"

"አልነገርኳቸውም ማሂ።"

"ታዲያ እንዴት አወቀ? ምለህልኝ ነበር!"

"ትንፋሽ ሳብኩ" አልኳት።

"ዋት?"

"ሲጠይቁኝ... ትንፋሽ ሳብኩ።"

ዘጋችው። የነገርኳቸው እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አትጠራጠርም። አባቷ ደግሞ የዋሸኋቸው እኔ መሆኔን አይጠራጠሩም ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እኔ ነኝ መሐል ላይ የቀረሁት።

ጋሽ ታምሩ ማህሌት እንደፈራችው በሳምንት አልሞቱም። ንስሐ ገቡ፣ ቆረቡ። ከበርበሬ ጋር ታረቁ። "ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ወተት አጠጥታችሁ አልጫ አበላችሁኝ፣ ያ ጊዜ እኮ የኔ ነበር" ብለው ልጃቸው ላይ ሲጮሁ ጎረቤት ሰምቷል አሉ። ከእሷ ጋር ግን በሦስተኛው ቀን ተቃቅፈው አልቅሰው ታረቁ። ልጅ ናት።

እኔ ኅዳር ላይ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። እሳቸው እኔ ስምንት ወር የተኛሁበት ሶፋ ላይ ጋደም ብለዋል፣ በጣም ከስተዋል። ገና ስገባ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ይሄ ልጅ ቀስት ያስተማረኝ ነው። ስለ ጤናዬ የምትፈልጉት ነገር ካለ እሱን ጠይቁት። ከሚነግራችሁ ላይ ግን አሥራ ስምንት ቀንሱ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን እንደሆነ የገባው አልነበረም፣ በሽተኛ ሲቀልድ ደስ ይላል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጋሽ ታምሩ አልሳቁም። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ማህሌት በሩ ላይ ቆማ "ተኝቷል" አለችኝ። ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማኝ ነበር። የካቲት ላይ አረፉ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ "ለእሳቸው ብለህ ነው፣ ምን ታደርግ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እባካችሁ አትበሉኝ። ለእሳቸው ብዬ አልነበረም። ፊታቸው ሲከፋ ማየት የማልችል እኔ ነበርኩ። የእኔን ድንጋጤ ለማዳን የእሳቸውን ልክ ደበቅሁ፣ ስሙንም ፍቅር አልኩት። መንገር ሁልጊዜ ልክ ነው እያልኩም አይደለም፣ ያን ያህል አላውቅም። የማውቀው አንድ እንስሳ በእኔ ምክንያት በሦስት እግሩ እንደቀረ፣ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ወር ተኩል ከዕድሜው እንደተሰረቀበት ነው። አሁን ሰው ሐኪም ቤት ሄደህ አስተርጉምልኝ ሲለኝ እምቢ እላለሁ፣ የስልኩ አስተርጓሚ ይምጣ እላለሁ። ጨካኝ ሆነሃል ይሉኛል። አዎንም በትንፋሽ ማለት ትቻለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነው የምላት። ሥራ ቦታ አዲስ የመጡት ልጆች ይስቁብኛል።

የቀብሩ ዕለት ሰው ሲበተን ማህሌት ወደ መኪናዬ መጣች። ረጅም ጥቁር ቦርሳ ይዛለች። "ለእሱ ስጪው ብሏል" አለችኝ፣ አላየችኝም፣ አስቀምጣው ሄደች። ቀስቱ ነበር።

ለአንድ ወር ያህል ቦርሳውን አልከፈትኩም። ስከፍተው ነጩ ፕላስተር እንዳለ አለ፣ የጻፍኩት 70ም እንዳለ አለ፣ አልቀደዱትም። ብሎኖቹ ግን ቦታቸው አልነበሩም። ላይና ታች እኩል ተጠብቀዋል። ያ በሽታ የጎዳው እጅ መፍቻ ይዞ፣ ስድስት ስድስት ዙር መልሷቸዋል። እሳቸው ሊስቡት እንደማይችሉ ያውቃሉ። ማንም እንዲስበው አልነበረም።

ሚዛን ላይ ሰቀልኩት። ሰባ አለ።